የድንበሩ ቁርቁራ

ልጅ ሳለሁ፣ ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን፣ ያሳደገችኝ አክስቴ ዘሃራ ተረት የምትጀምረው የራቱን እሳት ካዳፈነች በኋላ ነበር። ቆላ ነውና በሙቀቱ ቤት ውስጥ አይቀመጥም፤ ኩራዙን ደጃፍ ላይ ታኖረዋለች፣ ጎረቤታችን ጋሽ ሙሄ ጠፍር አልጋው ላይ፣ እኔ ምንጣፉ ላይ ሆነን፣ ጭሱ በመጣ ቁጥር ፊታችንን እያዞርን እንሰማታለን። አክስቴ ሰው አታምንም ነበር። ወተት ሻጯ ውሃ ቀላቅላለች፣ ባለወፍጮው ዱቄት አስቀርቷል ትላለች፤ ከተረቷም ውስጥ አንድ ተንኮለኛ አይጠፋም።

ከሁሉ የምወደው የዛፉን ተረት ነበር። በጎረቤቱ ዛፍ የቀና ሰውዬ ተደብቆ ሥሩ ላይ የፈላ ውሃ እያፈሰሰ ያደርቀዋል፤ አላህም የሰውዬውን የውሃ ጉድጓድ ያነጥፍበታል። ጋሽ ሙሄ መጨረሻው ላይ «የእጁን አገኘ» ይላሉ፣ እንስቃለን።

በእኛና በእሳቸው ማሳ ድንበር ላይ አንድ ትልቅ ቁርቁራ ነበር። ፍሬውን እኛ፣ ቅጠሉን ፍየሎቹ እንበላለን፤ በድርቅ ሌላው ሁሉ ሲጠወልግ እሱ ለምለም እንደሆነ ይከርማል። ያን ዓመት ግን በልጉ ቀረ፣ ክረምቱም ዘገየ፣ ሙቀቱ መሬቱን ሰነጣጠቀው፤ ቁርቁራውም ከጫፉ ጀምሮ ይደርቅ ጀመር። አክስቴ ሰማዩን አልጠረጠረችም። «የሰው እጅ ቢኖርበት ነው እንጂ ቁርቁራ በፀሐይ ይሞታል?» አለች። ጋሽ ሙሄ ጥላው ማሽላቸውን እንዳቀጨጨው አንድ ጊዜ ሲያማርሩ ሰምታለች። «አንቺ፣ ዓይንሽን ጣል አድርጊባቸው» አለችኝ።

አንድ አመሻሽ ላይ ጋሽ ሙሄ ቢጫ ጀሪካን ይዘው ዛፉ ሥር ጎንበስ ሲሉ አየኋቸው። እስኪሄዱ ጠብቄ ሮጥኩና አፈሩን ዳሰስኩት። ርጥብ ነው፤ ቀዝቃዛ ነው። ቤት ገብቼ ያየሁትን ስነግራት አክስቴ «ውሃው ይፋጃል?» ብላ ጠየቀችኝ። ያኔ ተረቱ እንዲያ ስለሚል ይሁን፣ እሷን ደስ ለማሰኘት ይሁን እንጃ፣ «አዎ፣ ይፋጃል» አልኳት።

በማግስቱ ድንበሩ ላይ ቆማ ያላለችው የለም። ጋሽ ሙሄ «ወላሂ ላጠጣው ብዬ ነው ዘሃራ፣ ከምጠጣው ቀንሼ» ቢሏት፣ «የዓይን ምስክር አለኝ» አለቻቸው። ዞር ብለው አዩኝ። አቀረቀርኩ። ከዚያ ወዲያ ደጃችንን አልረገጡም።

ዛፉም ደረቀ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ እስከ ወንዙ ድረስ ያሉት ቁርቁራዎች፣ ድርቅ አይበግራቸውም የሚባሉት የበደኖ ዛፎች ሳይቀሩ ተከተሉት፤ እነሱን ጀሪካን ይዞ የዞራቸው አልነበረም። ዛሬም የሚበቅለው ችግኝ ሙቀቱን ሳይችል ይቀራል። የግብርና ባለሙያው ዝናቡ እንደተዛባ፣ የከርሰ ምድሩ ውሃ እንደራቀ ሲያስረዳ መንደርተኛው ራሱን ይነቀንቃል፤ እሱ ሲሄድ ግን እርስ በርሱ በጎሪጥ ይተያያል።

ጋሽ ሙሄ ዓምና ሞቱ። ከአክስቴ ጋር አልታረቁም። ከቀብር መልስ እውነቱን ነገርኳት፤ አፈሩ ቀዝቃዛ ነበር፣ ዋሽቼሽ ነው አልኳት። ፍሙን ቆሰቆሰች። ከዚያ ወተት ሻጯን በምታይበት ዓይን አየችኝ።

«ያኔ ከዋሸሽኝ፣ ዛሬስ እውነት መናገርሽን በምን ልወቅ?» አለችኝ።

ተረቶቿን ለልጆቼ እነግራቸዋለሁ። የዛፉን ግን እስካሁን አልነገርኳቸውም።