አያ ምሕረቴ የወጠሩልን ራኬት

ቅዳሜ ጠዋት አዘዞ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ግቢ አምስት ስድስት ሆነን ባድሜንተን እንጫወታለን፤ እንጫወታለን ማለቱ እንኳ ማጋነን ነው፤ ከምንመታው የምንስተው፣ ከምንሮጠው የምናወራው ይበልጣል። ባለፈው ሳምንት የሒሳቡ መምህር ሔኖክ እህቱ ከአዲስ አበባ የላከችለትን አዲስ ራኬት እንደ አራስ ልጅ በፎጣ ጠቅልሎ ይዞ መጣና ጨዋታው ቀርቶ ቀኑ የምርመራ ሆነ። ሁሉም በየተራ ሞከረው። ሔኖክ፣ ክብደት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም፣ ባዶ እጄን የወረወርኩ ነው የሚመስለኝ አለ። የቤተ መጻሕፍቷ ሠራተኛ ፋንታዬ መቅለሉ አስጠርጥሯት፣ "ይሄ የሙሽራ ዕቃ ነው፤ ክረምቱን ከዘለቀ ያኔ እናወራለን" አለችው። የእንግሊዝኛው መምህር ደግሞ መሐል ለመሐል ሲመቱበት ኳሷን እንደ ወንጭፍ እንደሚያስፈነጥራት፣ ትንሽ ወደ ጠርዝ ካገኛት ግን ወዴት እንደሚልካት እሱ ራሱም እንደማያውቅ ተናገረ። ተራው ሲደርሰኝ፣ ከመምታቴ በፊት፣ ሳላስበው ራኬቱን ወደ አፍንጫዬ አስጠግቼ አውታሩን አሸተትኩት። ሁሉም ሳቁብኝ። ምንም አይሸትም። እኔ የማውቀው ራኬት በግ በግ ይሸት ነበር ብላቸው ማን ያምነኛል ብዬ ዝም አልኩ፤ ቀኑን ሙሉ ግን ልቤ ከዚያ ግቢ ወጥቶ አራዳ፣ የልጅነቴ ሰፈር ሲዞር ዋለ።

ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ለትምህርት ቤታችን ሁለት አዳዲስ ራኬቶች፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀቡ፣ መያዣቸው ላይ ገና ላስቲኩ ያልተላጠ፣ ከየት እንደሆነ ሳናውቅ መጡ። የስፖርት አስተማሪያችን መምህር አስቻለው ከሌላ ትምህርት ቤት ልጆች ጋር ለሚደረገው ጨዋታ እኔንና ጓደኛዬን ሙሉን መረጠና ራኬቶቹን አስረከበን። ቁም ነገረኛ ሰው ስለነበረ ማስረከቡ ብቻ አልበቃውም፤ እየተጫወታችሁ ጠባያቸውን አጥኑ፣ ያያችሁትን በደብተር ጻፉ አለን። ያንን ደብተር ባገኘው ዛሬ ብዙ እሰጥ ነበር። ሙሉ ስለ ራኬቷ ስትጽፍ ስለ በቅሎ የምትጽፍ ነበር የምትመስለው፦ ሸጋ ነው፣ ለእጅ ይገራል፣ ጎንዮሽ ከመቱት ግን ይቆጣል። እኔ ደግሞ ሲመታ ያፏጫል፣ በነፋስ ጊዜ አይታዘዝም፣ ወድቆም አልተሰበረም ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሦስት ጊዜ እንደጣልኩት ግን አልጻፍኩም።

ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው የኔው ራኬት ተበጠሰ። ጎረቤት ካለው የኮክ ዛፍ ገና ያልበሰለ፣ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ፍሬ ወድቆ አገኘሁና፣ ኳሷን ፍለጋ የሄደችው ሙሉ እስክትመለስ እጄ አላርፍ ብሎ፣ ወደ ላይ ወርውሬ ባለ በሌለ ኃይሌ መታሁት። ኮኩ ራኬቱን ቀድዶ ወጣ። አውታሮቹ እንደ ድመት ፂም በየአቅጣጫው ተንጨፍርረው ቀሩ። ሙሉ ስትደርስ አፏን ይዛ ቆመች። ለመምህር አስቻለው ለመንገር ድፍረት አጣን። አራዳ ያሉትን ሱቆች አንድ በአንድ ዞርን፤ እንዲህ ያለ ገመድ አይቶ የሚያውቅ አልነበረም፤ አንዱ ባለሱቅ ብቻ አዝኖልን ሲባጎ አውጥቶ አሳየን።

በግቢያችን ጥግ ባለችው ክፍል አያ ምሕረቴ የሚባሉ፣ ከኮላ ድባ የመጡ ሽማግሌ ተከራይተው ይኖሩ ነበር። በገና ይሠራሉ፣ ይጠግናሉ፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ ከቅዳሴ መልስ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ይደረድራሉ። ግቢው በሙሉ፣ ከአጥር ውጭ ያለውም ሰው ሳይቀር፣ ያንን ድምፅ እየጠበቀ ነበር ጾሙን የሚፈታው። ራኬቱን ይዘን ስንቀርባቸው ከሳቅ ይልቅ ክብር በሞላው ዓይን አገላብጠው አዩትና ሳይበጠስ የቀረውን አንዱን አውታር በአውራ ጣታቸው ነክተው ጆሯቸውን አስጠጉ።

"ይቺስ ድምፅ አላት" አሉ። "ምን አገኛት?"

"ስንጫወት ነው" አልኩ።

አዩኝ። ከዚያ ጾም መሆኑን፣ በግ የሚያርድ እንደሌለ፣ ያለ በግ አንጀት ደግሞ ጅማት እንደማይገኝ ነገሩን። ጨዋታችን መቼ እንደሆነ ጠየቁ፤ የሆሳዕና ዋዜማ ነው አልናቸው። ወደ ክፍላቸው ዞር ብለው አዩና "እስቲ ተዪው፤ ሐሙስ ነዪ" አሉኝ።

ሐሙስ ራኬቱ ተወጥሮ ጠበቀን። ቀዳዳዎቹን በጋለ ወስፌ አስፍተው፣ ጅማቱን በጠርሙስ ስባሪ ፍቀው አቅጥነው፣ እንደ ሰፌድ ጠልፈው አሰናድተውታል። መልኩ ተለውጦ ነበር፤ ሰማያዊው ላይ ወርቅማ ቢጫ። ከበድ አለ፣ ፉጨቱ ጠፍቶ በምትኩ ወፍራም፣ ደረት ውስጥ የሚገባ ድምፅ አወጣ፣ ኳሷ ዘግየት ብላ ግን ወደ ፈለግንበት ሄደች። ሙሉ በደብተሯ "አሁን ሽማግሌ ሆኗል፤ አይቸኩልም፤ አይስትም" ብላ ጻፈች። አንድ እንከን ብቻ ነበረው፤ በሄድንበት ሁሉ የሰፈሩ ድመቶች ይከተሉን ጀመር፤ አንዲት ግራጫ ድመት እንዲያውም ክፍል ድረስ ገብታ ከወንበሬ ሥር ተኛች።

ቅዳሜ ጨዋታው በሌላው ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ነበር። አያ ምሕረቴ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ከልጆቹ መሐል ረዝመው ቆመው አየኋቸው። መጀመሪያውን መራን። የእነዚያ ልጆች ኳስ በነፋሱ ሲወሰድ የኛ ግን ቀጥ ብላ ትደርስ ነበር፣ መምህር አስቻለውም እጁን ማፋተግ ጀምሮ ነበር። ከዚያ ማንም ያልጠበቀው የበጋ ዝናብ ወረደ። ጥቂት ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ሜዳውን እንኳ በወጉ አላረጠበም፤ ጅማቱን ግን አረጠበ። ካባራ በኋላ ስንቀጥል አውታሩ እንደ ወንፊት ረግቦ ኳሷን አቅፎ ያስቀራት ገባ። በመታሁ ቁጥር እግሬ ሥር ትወድቃለች። ልጆቹ ሳቁ፤ ሳቃቸው እየጨመረ፣ እኔ እየሳትኩ፣ ተሸነፍን።

መምህር አስቻለው ራኬቱን ከእጄ ተቀብሎ አየው። "ምንድን ነው ይሄ?" አለ። አያ ምሕረቴ ከሰው መሐል ወጥተው ወደኛ ሲመጡ አየሁ። ያን ጊዜ ነው ዕድሜዬን ሙሉ ምነው በመለስኩት እያልኩ የምመኘውን ቃል የተናገርኩት፤ በጣቴ እያመለከትኩ "ደህናውን ራኬት እሱ ነው ያበላሸው!" አልኩ።

እሱ አልኩ። አንቱ ብዬ የማነጋግራቸውን፣ የአያቴ እኩያ የሆኑትን ሰው፣ በሕዝብ ፊት እሱ። ሙሉ አንገቷን ደፋች። አያ ምሕረቴ ግን መምህሩን ጎንበስ ብለው እጅ ነሡና "እውነቷን ነው" አሉ። "ጅማት ውኃ አይወድም። ይህን አስቀድሜ መንገር የኔ ፈንታ ነበር።" ጋቢያቸውን አስተካክለው ቀስ እያሉ ወደ ሰፈር ሄዱ።

በሰሙነ ሕማማት ጎረቤቱ እርስ በርሱ "ዘንድሮ ምነው በገናው ጠፋ?" መባባል ጀመረ። እናቴ አሟቸው ይሆናል ብላ ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ጉልባን በሳህን አድርጋ ላከችኝ። እግሬን እየጎተትኩ ሄድኩ። ክፍላቸው ውስጥ በገናው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ከአሥሩ አውታሮች የቀሩት አራት ብቻ ናቸው። ሳህኑን እንደያዝኩ ቆምኩ። ዓይኔ ያረፈበትን አይተው "በገናዬ መዝሙሯን ታውቀዋለች፤ አንድ ጾም ዝም ብትል አትረሳውም" አሉኝ። "የናንተ ግን ቀን የተቆረጠለት ነበር።"

አለቀስኩ። ኮክ መትቼ እንደበጠስኩት ተናገርኩ፣ በሜዳው ላይ ላልኩት ይቅርታ ብዬ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዘው አነሡኝ። ኮክ መሆኑንስ ያኔውኑ አውቀዋል፤ ከተበጠሰው ክር ላይ ጭማቂው ደርቆ አግኝተውታል። "እኔ ይቅር ብዬሻለሁ" አሉ። "መምህርሽ ዘንድ ግን እኔ አልሄድልሽም። ያ ያንቺ መንገድ ነው።"

ሙሉን ጠራኋትና ወደ መምህር አስቻለው ቤት አብረን ሄድን። ሁሉንም ነገርኩት፤ ሙሉም "እኔም አውቄ ዝም ብያለሁ" አለች፤ ማንም ሳይጠይቃት። መምህራችን ስለ ኮኩ አልተቆጣም። "ዕቃ ይበጠሳል" አለ። "እሳቸውን እሱ ያልሽበት አፍ ነው ያሳዘነኝ።" ጅራፍ ቢያነሣ ይሻለኝ ነበር።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት፣ ሰው ሁሉ በግ ጥሎ ቢላ በሚስልበት ሰዓት፣ እኔና ሙሉ ሳፋ ይዘን በየደጁ አንጀት ስንለምን ዋልን። አንዲት ጎረቤታችን ሥጋ የሚለምን አይቻለሁ፣ አንጀት የሚለምን ግን ዘንድሮ ገና አየሁ ብላ እስክታለቅስ ሳቀች፤ ሰጠችንም። ጥቂት ቆይቶ መምህር አስቻለው በነጭ የሀገር ልብሱ ላይ እንዳይፈስበት ክንዱን ዘርግቶ፣ የራሱን በግ አንጀት በባልዲ ይዞ ግቢያችን ደረሰ። አያ ምሕረቴ ሊቀበሉት ሲነሡ እሱ ቀድሞ ጎንበስ አለ፣ ሁለቱም እንደዚያ እንደተጎነበሱ እኔ ልቅደም እኔ ልቅደም ሲባባሉ ባልዲው ሊደፋ ምንም አልቀረውም።

ቀሀ ወንዝ ወርደን አጠብን። ሽታው ለሳምንት ከእጃችን አልለቀቀም፤ እናቴ እንጀራ ላይ አታስደርሰኝም ነበር። አያ ምሕረቴ አንጀቱን እንዴት እንደሚገለብጡ፣ በቢላ ጀርባ እንዴት እንደሚፍቁ፣ በሁለት ችካል መሐል ወጥረው ከጥላ ሥር እንዴት እንደሚያደርቁ አሳዩን። ሲያከሩት በጣታቸው ጫፍ እያዳመጡ ያዞራሉ፣ ያዞራሉ፣ ከዚያ ድንገት "አሁን በቃ" ይላሉ። አንድ ዙር ቢጨመር ይበጠሳል፣ አንድ ዙር ቢጎድል ይረግባል። እንዴት እንዳወቁ ስንጠይቃቸው፣ ብዙ ስታከሪ ይነግርሻል ይሉ ነበር። በበዓለ ሃምሳው መሐል በገናው አሥሩም አውታሩ ሞላ፤ ያን ከሰዓት ጎረቤቱ በርጩማውን ይዞ እየወጣ ግቢውን ሞላው፣ መምህር አስቻለውም ከእናቴ ጎን ተቀምጦ ሰማ። እኔና ሙሉ ከፊት ነበርን። እንደዚያ ዓይነት ዝምታ ከዚያ በኋላ በየትኛውም አዳራሽ አልገጠመኝም።

ዛሬ ሙሉ ደባርቅ ነርስ ናት። በስልክ ስንገናኝ አንዳንድ ጊዜ ያንን ሥራ እርስ በርስ እንጠያየቃለን፤ ማጠቡን እኔ፣ መፋቁን እሷ፣ መወጠሩን ሁለታችን እናስታውሳለን። ማክረሩ የት ላይ እንደሚበቃው ስንደርስ ግን ሁለታችንም ዝም እንላለን።

አያ ምሕረቴ በሚቀጥለው ዓመት ዓይናቸው እየደከመ ሲመጣ አንድ ቀን ጠርተውኝ ነበር። እጄን አገላብጠው አይተው፣ ጣቶችሽ ለዚህ ሥራ ሸጋ ናቸው፣ ክረምት ሳይገባ ነዪ፣ ከሥር ጀምሬ ላስተምርሽ አሉኝ። ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ፤ የሚኒስትሪ ፈተና ደርሶብኛል። ፈተናውን ልጨርስና እመጣለሁ አልኳቸው፤ እሺ የኔ ልጅ፣ አጥኚ አሉ። ፈተናውን ጨርሼ ስመለስ ዘመዶቻቸው ከኮላ ድባ መጥተው ወስደዋቸው፣ ክፍሉ ለሌላ ሰው ተከራይቶ አገኘሁት። ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ እያልኩ ሁለት ዓመት አለፈ፤ ከዚያ መሞታቸውን ሰማን።

ፈተናውን በጥሩ ውጤት ነበር ያለፍኩት፤ እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ ዳቦ ደፍታ አበላች። ከጥያቄዎቹ አንዱን እንኳ ዛሬ አላስታውስም።