የቡርክሃርት ፖም ጥላ

«ድንች የለ! ጎመን የለ! አንዲት ቀይ ሽንኩርት እንኳን የለችም! ይሄ ምንድነው፣ ፍራው ዶክተር? የአትክልት ቦታ ነው ወይስ የኳስ ሜዳ?»

እንዲህ የሚጮኸው ሎታር ፒች ነው፣ የአትክልት ማኅበራችን ሊቀመንበር። ጀርመን አገር፣ ላይፕሲግ ከተማ ዳር፣ ባቡር ሐዲዱ አጠገብ፣ ሁላችንም ቁራሽ ቁራሽ መሬት ተከራይተናል። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ከመሬትህ ሲሶው ላይ የሚበላ ነገር ይብቀል። ያላበቀለ ይለቃል። እኔ የማኅበሩ ቤት ውስጥ ቢራ እቀዳለሁ፤ የማን ጎመን እንደጠወለገ ከሊቀመንበሩ ቀድሜ ነው የምሰማው።

ፍራው ዶክተር፣ ወይዘሮ ዶክተር እንደማለት፣ የሚላት ጎረቤቴን አልሙትን ነው። ሥዕል ትምህርት ቤት ፍልስፍና ታስተምራለች። ፈላስፎቹ «ያንቺ ነገር ሥዕል ነው» ይሏታል፤ ሠዓሊዎቹ ደግሞ «ሥዕልሽ ወሬ ይበዛዋል» ይሏታል። እኔም አንዱን መጽሐፏን ጀምሬው ነበር። ሽፋኑ ጥሩ ነው።

ባሏ ቡርክሃርት ከሞተ ወዲህ አንድ ዘር መሬት ላይ አልጣለችም። ያለው እሱ የተከለው የፖም ዛፍ ብቻ ነው። አመሻሹ ላይ፣ ጥላው ሲረዝም፣ ቡርክሃርት ወንበሩን እዚያ አውጥቶ ይቀመጥ ነበር።

ይህ በሰኔ ነበር፤ ፒች እስከ መስከረም ቀን ሰጣት። እሷ ዘር ትገዛለች ስንል ኖራ ገዛች። በዚያው በሰኔ፣ በቡርክሃርት ሰዓት፣ የጥላውን ዳር ሣሩ ላይ አሰመረች፤ ባዶውን ወንበር መሃል አስቀመጠች። ዝናብ ሲያጥበው እዚያው ላይ ትደግመዋለች።

«ኤግዚቢሽን ነው በይውና ይተውሽ» አልኳት።

«ኤግዚቢሽን አይደለማ፣ ኬርስቲን። ሰው ሲሄድ ቦታው ምን ይሆናል ብዬ ነው። እኔው ሳይገባኝ ለሰው ምኑን አሳያለሁ?»

«መሬቱን ቢወስዱብሽስ?»

 ዓይኗ ወንበሩ ላይ ነበር።

በመስከረም ፒች ሜትሩን ይዞ አመሻሽ ላይ መጣ። መስመሩን አየ፤ ጥላውን አየ። ፊቱ ቀላ።

«ይሄ መስመር ተሳስቷል! ጥላው ያውና እዚያ፣ መስመሩ እዚህ!»

«የሰኔው ነው፣ ሄር ፒች። ፀሐይዋ ሄዳለች» አለችው።

«ታዲያ እንዲህ ተጣሞ ይቀመጣል?»

ኖራውን ከእጇ ነጥቆ ተንበረከከ። ገመድ ወጥሮ፣ እያጉረመረመ አዲስ መስመር አሰመረ። ወንበሩ ጋ ሲደርስ ግን እጁ ቆመ።

«ላንሳው?»

«የቡርክሃርት ነው።»

«አውቃለሁ።» ቀስ ብሎ በወንበሩ እግሮች ዙሪያ አሰመረ። «ካርታ ስንጫወት ያጭበረብር ነበር።»

«በጣም እንጂ!» አለች አልሙት። ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

ፒች ተነስቶ ጉልበቱን አራገፈና የጥላውን ስፋት ለካ። ከዚያ ጠየቃት፤ «ጥላው የዛፉ ነው?»

«እሱማ ከባድ ጥያቄ ነው። ነው ብዬ አንድ መጽሐፍ ጽፌያለሁ። አይደለም ብዬም አንድ።»

«እኔ ጊዜ የለኝም። ጥላው የፖም ዛፉ ከሆነ ፍሬ ነው፤ ፍሬ ይበላል። ሲሶው ሞልቷል።»

«ሲመሽስ?» አልኩት እኔ።

«ሲመሽ ፍተሻ የለም።»

መሬቱ ለእሷ ጸና። የቁጥቋጦ አጥሯ ግን ከደንቡ በላይ አድጓል ብሎ ቀጣት። የማኅበሩ ቤት መጥታ፣ እኔ ፊት ባንኮኒው ላይ ለፒች ከፈለችው፤ ሳንቲሞቹ ኖራ ነክቷቸው ነበር። ፒች አንድ በአንድ በመሃረቡ ጠርጎ ደረሰኝ ቆረጠላት።