ባዶ መኪና

በጭሮ ጋራዦች መኪናውን ከፍ ማስደረግ የሚፈልግ ሾፌር «ግመል አድርግልኝ» ይላል። ወደ ቦኬና ወደ መሰላ የሚሠሩት ሁሉ ያስደርጉታል። መንገዱ የመኪናውን ሆድ ስለሚፍቀው አካሉን በሚሸከመው ባሌስትራ ላይ ሌላ ብረት ይጨመራል፣ ከሥሩም ወፍራም ጉማጅ ይገባበታል፣ አካሉም ከጎማው ይርቃል። ከዚያ በኋላ መኪናው በእርግጥም ግመል ይመስላል። እግሩ ይረዝማል፣ ሲታጠፍም ወገቡን ያወዛውዛል።

እኔን የሚያስጨንቀኝ አብሮ ከፍ የማይለው ነገር ነበር። ማርሹን የሚይዘው ካምቢዮ ከአካሉ ጋር ወደ ላይ ይሄዳል። የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው ዲፈረንሻል ከጎማው ጋር ታች ይቀራል። ሁለቱን የሚያገናኘው ረጅም ዘንግ መሀል ላይ ይንጋደዳል። ዘንጉ አንድ ወጥ ብረት አይደለም፤ ጥርስ ያለው አንዱ ጫፍ ጥርስ ባለው ሌላ ቱቦ ውስጥ ይገባል፣ ወንድና ሴት እንላቸዋለን። መኪናው ሲናጥ ወንዱ ገባ ወጣ ይላል። አካሉ ከጎማው በራቀ ቁጥር ወንዱ ይበልጥ ይወጣል። ይህን ማንም አላስተማረኝም። ተሰብረው ከተጣሉ ዘንጎችና በስልኬ ካየኋቸው ቪዲዮዎች ነው የለቀምኩት።

የምሠራበት ጋራዥ ባለቤት፣ አለቃዬ፣ መኪና ግመል ካደረገ በኋላ የሚፈትንበት የታወቀ መንገድ አለው። ጆንያ ያስጭናል፣ ሰው ያሳፍራል፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ያያል። ሌሎቹ ጋራዦችም እንዲሁ ናቸው። እዚህ አገር መኪና የሚገድለው ጭነት ነው፤ ጫት ከዳር እስከ ዳር ተጭኖ፣ ሳይጠወልግ ለመድረስ የሚበር መኪና ያላየ የለም። ስለዚህ ጭነት የቻለ መኪና ሁሉን ችሏል ይባላል። ባዶ መኪና ግን እንደ ተኛ ሰው ነው፣ ማንም አይፈራውም።

የሠፈራችን ሾፌር መኪናውን ግመል ሲያስደርግም እንዲሁ ተደረገ። ፎር ዊል ነው፣ ጋቢናውን ከኋላው የሚለይ ግድግዳ የለውም፤ ዓርብ ከቦኬ ጫትና ሰው ጭኖ ይመጣል፣ ሰኞ ጠዋት ሦስት ወይም አራት ሰው ብቻ ይዞ ይመለሳል። ከነዚያ አንዷ ታላቅ እህቴ ናት። ቦኬ ታስተምራለች። ሰኞ ሰኞ ጋቢና ከሾፌሩ ጎን ትቀመጣለች።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ መኪናውን አራግፎ ለዘይት አመጣው። ከሥሩ ገባሁ። ዘንጉ ቀይ አፈር ለብሶ ነበር፤ ወንዱ ከሴቱ በሚወጣበት ቦታ ላይ ግን ሦስት ጣት የሚሆን ብረት እንደ አዲስ ማንኪያ ያበራል። ከዚህ በፊት ፀሐይ አይቶ የማያውቅ ብረት ነው። ውስጥ ምን ያህል እንደቀረ አላየሁም፣ ብዙ ሊሆን እንደማይችል ግን ገባኝ። የፊተኛው ጫፍ በቁልቁለት ላይ ወጥቶ ቢወድቅ መሬት ይወጋል፤ መኪናውም በዘንጉ ላይ ተደግፎ ከኋላው ይነሳል።

ከሥር ወጥቼ ለሾፌሩ ነገርኩት። ዘንጉ ወጥቶ መርዘም እንዳለበት፣ ጭነት ሲወርድለት አካሉ ከጎማው ስለሚርቅ እስከዚያ ባዶውን እንዳይነዳው።

«ወሪያ፣ ስንት ኩንታል ጭኜበት ያልወጣ ዘንግ፣ አየር ስጭንበት ይውጣ?» አለ። አለቃዬም ሳቀ። በጭነት ተፈትኗል፣ ነገሩ አልቋል አለኝ።

እሑድ ለእህቴ ነገርኳት። በሌላ መኪና እንድትሄድ ለመንኳት። የትኛው ግመል ያልሆነ መኪና አለ ብላ ጠየቀችኝ። «አንተ ሰው ሲስቅ እንኳ ጥርሱ ይነቃነቅ እንደሆነ ነው የምታየው» አለችኝና ልብሷን ማጠፏን ቀጠለች።

ሰኞ አብሬያት ሄድኩ። ሾፌሩ ከኋላ ከሁለት ነጋዴ ሴቶች ጋር አስቀመጠኝ፣ መሐንዲስ ይዘን እየሄድን ነው እያለም አሳቃቸው። ዳገቱን ስንወጣ ምንም አልነበረም። ቁልቁለቱ ሲጀምርና መንገዱ ሲቦረቦር ከእግሬ ሥር ድምፅ መጣ። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ በወረደ ቁጥር ቀጭን «ኳ» ይሰማል፣ ከዚያ ዝም ይላል፣ ከዚያ እንደገና። ሴቶቹ ስለ ሽንኩርት ያወራሉ። እህቴ በመስኮት ታያለች። በግራችን ያለው ገደል እስከ ታች ማሽላ ነው፤ ማሽላው ውስጥ የሚሠሩት ሰዎች ልብስ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ አንሶ ይታያል። እጄን ወለሉ ላይ አደረግሁ። ብረቱ በመዳፌ ውስጥ ይመታ ነበር።

«ጋሼ፣ ያቁሙ» አልኩ።

መንዳቱን ቀጠለ። ደግሜ ስናገር ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ፤ እህቴ ዞራ ፊቴን አየችና የሾፌሩን ክንድ ያዘች። አቆመ።

ከሥር አየሁ። የሚያበራው ብረት አራት ጣት ሆኗል። እዚያ መንገድ ላይ ዘንግ ማስረዘም አይቻልም። የሚቻለው አካሉን ወደ ጎማው መመለስ ብቻ ነበር፣ ማለትም መጫን። ስለዚህ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ መልቀም ጀመርኩ። ሾፌሩ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ያየኛል፤ ድንጋይ ጭኖ ቦኬ የገባ ሾፌር ሆኜ ልቅር ነው ወይ አለ። እህቴ ጫማዋን አውልቃ አገዘችኝ። ሴቶቹም ወረዱ። ኋላው ሞልቶ ባሌስትራው ሲተኛ እንደገና ገባሁ፤ ወንዱ ወደ ሴቱ ተመልሷል። ድንጋዮቹን በገመድና በሸራ አሰርኳቸው፣ ቀስ እንዲልም ለመንኩት። ድምፁ ጠፋ።

ቦኬ ስንደርስ የገበያው ሰው ተሰበሰበ። አንድ ሽማግሌ ድንጋዩን በዱላቸው እየነኩ፣ የቦኬ ድንጋይ አልቆ ነው እንዴ ከጭሮ የምታመጡልን ብለው ጠየቁ። ሾፌሩም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ግን ነገሩን ለሌሎቹ ሾፌሮች ሲያስረዳ ሰማሁት፤ ባዶ ስትሆን ድንጋይ ጫንባት፣ ትረጋለች እያለ። ዘንጉን ቶሎ አምጡት አልኩት። ኢንሻአላህ አለኝ።

አላመጣውም። በዚያ ሳምንት ከጋራዣችን በር ፊት ለፊት ሲያልፉ ያየኋቸው ግመሎች ከኋላቸው ድንጋይ ጭነው ነበር። ሸራ የለ፣ ገመድ የለ። አንዱ ፍሬን ሲይዝ ድንጋዮቹ ወደ ፊት ሲንከባለሉ ከጋራዡ ውስጥ ይሰማል። ዘንጉን ከማስረዘም ይቀላል፣ የትም ይገኛል። አለቃዬ ጥሩ መላ አመጣህ ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

የሚቀጥለው ሰኞ እህቴን ለመሸኘት መናኸሪያ ሄድኩ። ጋቢና ተቀምጣለች። ከወንበሯ ጀርባ እስከ አንገቷ ድረስ ድንጋይ ተቆልሏል። የላይኛው የሰው ራስ ያህላል፣ አልታሰረም። ከድንጋዩ ጎን ሦስት ተሳፋሪዎች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል።

ሾፌሩ ሲያየኝ ፈገግ አለ። «መሐንዲሱ፣ መድኃኒትህን ጭኛለሁ።»

መናገር ሁልጊዜም ይከብደኛል። የኋላውን በር ከፍቼ ድንጋዩን አንድ በአንድ እያወጣሁ መሬት ላይ ጣልኩ። ተሳፋሪዎቹ አጉረመረሙ። ሾፌሩ ወርዶ አጠገቤ ቆመ። አልነካኝም፣ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«እሺ፣ አሁን ባዶ ነው» አለ። «አንተ ነህ ባዶ አትንዳ ያልከኝ። አንተ ነህ ጫን ያልከኝ። ዛሬ ደግሞ አራግፍ። ምን ላድርግ?»

እውነቱን ነበር። እጄ አፈር ብቻ ሆኖ ቆምኩ። ያን ጊዜ የጋቢናው በር ተከፈተና እህቴ ወረደች። ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ቀሚሷን አራገፈች።

«ዘንጉን አስረዝም» አለችው። «ተማሪዎቼ አንድ ቀን ቢጠብቁኝ አይሞቱም።»

ሾፌሩ ወደ እሷ ዞረ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሰኞ ቀርታበት አታውቅም። ቁልፉን አውጥቶ ሰጠኝ።

ሦስቱ ተሳፋሪዎች ግን የሚጠብቃቸው ገበያ ነበረ። ዕቃቸውን ይዘው ከጎናችን ወደ ቆመው ሌላ ግመል ተዛወሩ። የዚያ መኪና ሾፌር እኔ መሬት ላይ ከጣልኳቸው ድንጋዮች ጥቂቱን መርጦ በራሱ መኪና ላይ ጨመረና ሄደ። ድንጋዩ ሲንኳኳ እስከ ዳገቱ ሥር ድረስ ሰማነው።

መኪናውን ወደ ጋራዥ በእግር ፍጥነት አመጣሁት። ክሪክ አስገብቼ አካሉን አነሳሁ፣ ጎማው ሲንጠለጠል የዘንጉን ፊተኛ ጫፍ ያዝኩ። መዶሻ አላስፈለገኝም። እጄ ውስጥ ተንሸራቶ ወጣ። የጥርሶቹ ጫፍ ተልጦ እንደ ጥፍር ቀጥኗል።

ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ አየው። በጣቱ ነካው። እህቴ ከኋላው ቆማ ነበር፤ ፊቷን ወደ ዳገቱ አዞረች።

«ደውልለት» አለችው።

ስልኩን አውጥቶ ድንጋዩን ጨምሮ ለሄደው ሾፌር ደወለ። የምትናገረው ሴትዮ ድምፅ እኔ እስካለሁበት ይሰማል፤ የደወሉላቸው ደንበኛ ሊገኙ አይችሉም ትላለች። ቁልቁለቱ ላይ ኔትወርክ እንደሌለ ሦስታችንም እናውቃለን። ዘጋው፣ እንደገና ደወለ፣ ስልኩንም ወደ ሌላኛው ጆሮው አዛወረው።