በሲሚንቶ ወረቀት የለበድናቸው መጻሕፍት

አርብ ጠዋት ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት የመጣው ሰውዬ እጁን ወደ መደርደሪያው ሰደደና... ከዚያ ሁሉ መጽሐፍ መሐል «የኃላፊዎች ገመና» የሚለውን መዘዘ። ርእሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ውስጡ ያለው ስለ ዶሮ እርባታ ነው።

ቆይ፣ ከሥሩ ልንገራችሁ።

መቐለ፣ ሐወልቲ አካባቢ፣ ከሰፈራችን አዳራሽ ጀርባ፣ አንዲት ክፍል ቤተ መጻሕፍት አለችን። የምታስተዳድራት አደይ ለተ፣ እናት ለተ እንደማለት፣ የምንላቸው ጡረተኛ አስተማሪ ናቸው፤ ደሞዝ የላቸውም። እኔ ረዳታቸውም የለኝም። በጎ ፈቃደኛ ነው የምባለው፤ ፈቃዴ ግን ትንሽ ያጠራጥራል። እናቴ ናት «ሰፈር ሲያምስ ከሚውል እርስዎ ጋ ይዋል» ብላ ያስረከበችኝ። ትምህርቴን ዘጠነኛ ላይ ነው ያቆምኩት። ትምህርት ቤት ተዘጋ... ሲከፈት እኔ አልተመለስኩም።

ባለፈው ሳምንት አደይ ለተ ፊታቸው ጠቁሮ መጡ። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ክፍሏን መጋዘን ሊያደርጋት አስቧል። አርብ ሰው መጥቶ ያያል፤ አንባቢ ካለ ትቆያለች፣ ከሌለ ቁልፍ ያስረክባሉ።

ሰው ሲገባ የሚፈርምበትን መዝገብ ገለጥኩት። የሳምንቱ ዝርዝር ይኸው፦ አደይ ለተ፣ እኔ፣ አደይ ለተ፣ ዝናብ ያባረረው አንድ ሰውዬ፣ አደይ ለተ።

«አደይ፣ ስም ልሙላልዎት? በአንድ ሰዓት መቐለን በሙሉ አስፈርማታለሁ።»

«በሐሰት ስም ከምትቆይስ ብትዘጋ ይሻለኛል!» አሉና ሥራ ሰጡኝ።

የመጻሕፍቱ ሽፋን ተበጣጥሶ ስለነበር ከአንድ ግንባታ ቦታ ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ለምነን፣ ወረቀቱን አራግፈን፣ ልክ ደብተር እንደሚለበድ በዱቄት ሙጫ ሁሉንም ለበድናቸው። አማረባቸው። ግን ሁሉም ቡናማ ሆነው ቁጭ! የቱ የቱ እንደሆነ አይታወቅም።

«ጽሕፈትህ ያምራል፣ ወደይ፣ ልጄ። ውስጡን እያየህ ርእሱን ከላይ ጻፍ» ብለው ማርከር ሰጡኝና ለቅሶ ሊደርሱ ሄዱ።

እስከ አሥረኛው ድረስ በሐቅ ጻፍኩ። ከዚያ የአፈር ጥበቃ መመሪያ መጣ። ይሄን ማን ያነሣዋል?... እጄ በራሱ ሄደ። የአፈር ጥበቃው «አማትን ዝም የማሰኛ ዘዴ» ሆነ። ንብ ማነቡ «ሳይሠሩ መብላት»። የኤሌክትሪክ ጥገናው «ፍቅረኛህ ለምን ስልክ አታነሣም?»። የዶሮውን ነገርኳችሁ። ደርድሬ ፎቶ አነሣሁና በሰፈሩ ቴሌግራም ለቀቅኩት፦ «አዲስ ገቡ። ይዞ መውጣት ክልክል ነው። ሲገቡ መፈረም ግዴታ ነው።»

ረቡዕ መጀመሪያ የመጣው ባጃጅ ነጂው ሓፍቶም ነው። ፈረመ፣ የፍቅረኛውን መጽሐፍ አነሣ፣ ሁለት ገጽ ገለጠ።

«አንታ! ይሄ ስለ ሽቦ ነው'ኮ!»

«ዝለቅ እንጂ፣ ምዕራፍ ሦስት ላይ ትመጣለች።»

እውነቱን ነው የምላችሁ፣ እስከ ምዕራፍ ሦስት ሄደ። እሷ አልመጣችም። እሱ ግን ሐሙስ ተመልሶ መጣ፤ የባጃጁን መብራት ከዚያ መጽሐፍ ባነበበው ራሱ ሠርቶት።

ሌሎቹስ? ሰው ሲሸወድ ብቻውን መቅረት አይወድም። አንዱ ተሸውዶ ይወጣና «ሂድ እይ፣ ጉድ ነው» ብሎ ጓደኛውን ይልካል። እየተናደደ ከሚገልጠው መሐል ደግሞ ቁጭ ብሎ የሚቀር አይጠፋም። ሐሙስ ከሰዓት ወንበር አለቀ። አደይ ለተ መነጽራቸውን አድርገው የመዝገቡን ስሞች አንድ በአንድ ቆጠሩ።

እንግዲህ አርብ... ሰውዬው መጽሐፉን ገለጠ። ሽፋኑን አየ። እንደገና ገለጠ።

«ይህን የጻፈው ማነው?»

ቀልዴ ሁሉ ጠፋኝ። «እኔ ነኝ» አልኩ። «እሳቸው አያውቁም። እኔን ያባሩኝ፣ ቤቷን ግን አይዝጉባቸው።»

እሱ ግን አንድ ገጽ ላይ ቆሞ ቀርቷል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

«ለካ ብርድ ነው...» አለ ለራሱ። «ጫጩቶቼ በሙሉ አለቁብኝ'ኮ። እኔ በመኖው አሳብቤ...»

ቀና ብሎ «ወንበር አለ?» አለ። አልነበረም። ሓፍቶም ተነሥቶ የራሱን ሰጠው። እስከ ምሳ ሰዓት አነበበ፣ ከዚያ መዝገቡን ጠይቆ እንደ ማንኛውም ሰው ፈረመ።

«ቁልፉ እርስዎ ጋ ይቆይ፣ እንደዚያ ብዬ ነው የምጽፈው» አላቸው ለአደይ ለተ። በር ላይ ሲደርስ ወደ እኔ ዞረ። «ርእሶቹን አስተካክል። ከእኔ ገመና ጀምር።»

እንደወጣ አደይ ለተ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይሄን ለጌጥ ያደረግኩት መሰለህ? ርእሶቹን ሐሙስ ነው ያየኋቸው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«የፈረሙት በሙሉ በራሳቸው ስም ነው፣ የመጡትም በእግራቸው ነው። እዚህ ቤት ውሸታሙ አንተ ብቻ ነህ።» ብለው ማርከሩን እጄ ላይ አስቀመጡት።

ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ርእሶቹን ሳርም ዋልኩ። ከሥር የመጨረሻው መጽሐፍ ላይ ርእሱ የእኔ ጽሕፈት አይደለም፤ የአስተማሪ ጽሕፈት ነው። «ሰውን የማሳቂያ ዘዴዎች» ይላል። ደስ አለኝ! አስፈቅጄ ቤት ወሰድኩት። አረፍ ብዬ ገለጥኩት...

የዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ።

በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መንገድ ላይ ጠበቅኳቸው። «አደይ! ይሄ ሒሳብ ነው'ኮ!»

ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ፈገግ እንኳ አላሉም።

«ዝለቅ እንጂ ወደይ፣ ምዕራፍ ሦስት ላይ ያስቃል።»

አሁን ምዕራፍ ሁለት ላይ ነኝ... እስካሁን ምንም አያስቅም።