ደርሷል ያልኩበት ቀን

ከዚህ በፊት ደብዳቤ እንኳ ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ሰው ፊት መናገር ስለማፍር ይህንንም ለማንም አልተናገርኩም። ነገሩ ስለ እናቴ እንሰት ነው።

ቤታችን ከጂንካ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ፣ ደጋው ላይ ነበር። አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ ብቻዋን የተከለችው እንሰት ከቤታችን ጀርባ ተነሥቶ እስከ ወንዙ ይወርዳል። በቆሎ ዝናብ ሲቀር አብሮ ይቀራል፤ እንሰት ግን ሰውን ይጠብቃል። እሱም መጠበቅ ይፈልጋል፤ አምስት፣ ስድስት ዓመት። የእኛ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። እናቴ ጠዋት ጠዋት እበት ተሸክማ ከሥሩ ታፈሳለች፣ ከዚያ ግንዱን እንደ ሰው ታቅፈዋለች። ክንዶቿ ዙሪያውን ይገናኛሉ። «አልገናኝ ሲሉ ያን ጊዜ ለቆጮ እንፍቀዋለን» ትለኛለች።

መንደር ምሥረታ ሲመጣ አንድ መዝጋቢ በየደጁ ዞረ። ከጤፍ አገር የመጣ ሰው ነው፤ እንሰትን ከሙዝ አይለይም። እናቴ አሪኛ እንጂ አማርኛ ስለማትናገር እኔን ገፋ አደረገችኝ። ውሃ ቀድታ የምታልፍ፣ አማርኛ የለመደች ጎረቤታችን፣ «ዝም በሉ፣ አፈ መንግሥት ልትናገር ነው!» ብላ ሳቀችብኝና ወደ ቤቷ ሄደች። ፊቴ ጋለ።

«እንሰታችሁ ደርሷል?» አለኝ ሰውየው።

ቃሉን ከትምህርት ቤት አውቀዋለሁ። ልጁ ቤቱ ደረሰ፤ ደብዳቤው ደረሰ። እስከ የት እንደሚዘልቅ የጠየቀኝ መሰለኝ። በእጄ ወንዙን አሳየሁትና «አዎ፣ ደርሷል» አልኩ። ኮራሁም። እሱ ጻፈ።

«ምን አለሽ?» አለችኝ እናቴ።

«እንሰትሽን አደነቀ።»

ከዚያ ወደ ጎረቤታችን ሄዶ እሷንም ያንኑ ጠየቃት።

«የት ደርሶ! ገና ልጅ ነው እኮ፤ አሁን ቢቆረጥ ውሃ ነው የምንጠጣው» አለችው።

«እንግዲያው እስኪደርስ እዚሁ ቆዩ። የደረሰላቸው ግን ፍቀው በዚህ ወር ወደ አዲሱ መንደር ይወርዳሉ።»

ያን ጊዜ ገባኝ። በእኔና በእሱ መካከል ሃያ እርምጃ ቢኖር ነው። «ጋሼ፣ ተሳስቻለሁ» ማለት ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ። ጎረቤታችን እንደገና ትስቅብኛለች ብዬ አፈርኩ። እዚያው ቆሜ ከዓይኔ እስኪጠፋ ጀርባውን አየሁ።

ትእዛዙ ሲደርሰን እናቴ ወደ ገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሮጠች። መዝገቡን ገልጦ እንዳነበበላት ሰማሁ፤ ምን እንዳላት ግን አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኳትም።

የሠፈሩ ሴቶች ተሰብስበው ፈቁልን። እንሰት ሲፋቅ ይዘፈናል፣ ባል ይታማል፣ ይሳቃል። የዚያን ቀን የተሰማው የመፋቂያው ድምፅ ብቻ ነው። የሚወርደው ውሃ ነበር። ከዚያ ሁሉ ግንድ የወጣው ቆጮ ሁለት ቅርጫት አልሞላም። እናቴ አንዱን ሥር ሳታስነካ አስቀረችና በቅጠሉ ጠቀለለችው። ሕፃን ሳለሁ እኔን ባዘለችበት ቆዳ እሱን አዝላ ቁልቁል ወረድን።

አዲሱ መንደር ሙቀት ነው፣ ወባ ነው። ቤቶቹ እንደ ተማሪ ተሰልፈዋል። እናቴ ሥሩን ከበራችን ፊት በእበት ቀበረችው፤ ሲበቅል ችግኞቹን ነጥላ ተከለች። እስከዚያ ያቺ ቆጮ አለቀች። እናቴ «ጠግቤያለሁ» እያለች ድርሻዋን ወደ እኔ ትገፋ ነበር። ችግኞቹ ጉልበቴ ጋ ሲደርሱ ወባው ጣላት።

በሦስተኛው ቀን ልነግራት አጠገቧ ተቀመጥኩ። «እማዬ፣ ያ ሰውዬ የመጣ ቀን…» ብዬ ጀመርኩ። እጄን ያዘች። በበሩ በኩል ችግኞቹን አየች።

«ክንዶችሽ የሚገናኙ ከሆነ፣ ቢርብሽም እንዳትነኪው» አለችኝ በአሪኛ።

ከዚያ አማርኛ ስትናገር ሰምቻት የማላውቃት እናቴ፣ ቃሉን ቀስ ብላ እንደ ሸክም እያወረደች፣ በአማርኛ እንዲህ አለችኝ፦

«ለጠየቀሽ ሁሉ፣ አልደረሰም በይ።»