የኩራዙ ቅቤ

ክሎተን አውሮፕላን ማረፊያ፣ የምግብ ትሪ በምናጥብበት ክፍል፣ አጠገቤ አንዲት የቲቤት ሴት ትሠራለች። የምንግባባው በሰባራ ጀርመንኛ ነው። እናቷ ላሳ የምትባለው ከተማቸው ውስጥ ሞታለች፤ እሷ ስደተኛ ስለሆነች አልቀበረቻትም፤ አሁንም መግባት አትችልም።

ልጄ ትምህርቷን ስትጨርስ ላሳን አያለሁ ብላ ተነሣች። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ከአገር ስወጣ አዝያት የወጣሁ ልጅ ናት፤ ብቻዋን አልለቅም ብዬ ተከተልኳት። የቲቤቷ ጓደኛዬ ይህን ስትሰማ አንድ ነገር ለመነችኝ። እዚያ ባለው በድሮው ቤተ መንግሥት ተሳላሚዎች የሚበራው ኩራዝ ላይ ቅቤ ይጨምራሉ፤ ለእናቷ አንድ ማንኪያ እንድጨምርላት። እሺ አልኳት።

እኔ የደብረ ብርሃን ሰው ነኝ፤ ከፍታ አልፈራም ነበር። ላሳ ስንደርስ ግን እግሬ መሬት የሚረግጥ አልመስለኝ አለ። የሰው ድምፅ ከውኃ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል። በመስኮት ሳይ ቤተ መንግሥቱ ነጭና ቀይ ሆኖ ኮረብታው ላይ ተቀምጧል፤ ደመናው ሲያልፍ እሱ የሚሄድ ይመስለኛል።

ወደ ቤተ መንግሥቱ በምንገባበት ቀን ዋዜማ ልጄን ራስ ምታት ጣላት። ሐኪሟ የሰጣትን መድኃኒት ዋጠች፤ እኔ ግን አላመንኩም። ደጋግሜ ትንፋሿን አዳምጣለሁ። ትቻት አልሄድም፣ ቃሌም ይቅር አልኩ። ከዚያ ከገበያ የገዛሁትን የኩራዙን ቅቤ ፈትቼ መሃል አናቷ ላይ አደረግሁላትና በነጠላዬ ጠመጠምኳት።

«ማሚ፣ እኔ ኩራዝ ነኝ እንዴ?» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ዝም ብለሽ ተኚ።»

ጠዋት ቀለል አላት። መድኃኒቱ ነው ትላለች፤ አልተከራከርኳትም። የተረፈውን ቅቤ ይዘን ደረጃውን ጀመርነው። ዕድሜዋን ሙሉ ቀስ በይ የምላት ልጅ፣ አሁን እሷ እጄን ይዛ «ላንግዛም፣ ማሚ» ትለኛለች። ቀስ በይ ማለቷ ነው። በየዕረፍቱ ከተማው ከሥራችን እያነሰ ሄደ።

ውስጡ ጨለምለም ያለ ነው፤ ሁሉ ነገር ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ከፊታችን የተሰለፉ አሮጊት ዞረው የልጄን ፀጉር አሸተቱ። ወደ አናቷ ጠቆሙ፣ ወደ ኩራዙ ጠቆሙ፣ ከዚያ ለጓደኞቻቸው አንድ ነገር ተናገሩ። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ፤ እኛም ሳቅን። አሮጊቷ ማንኪያቸውን አዋሱኝ። የሟቿን ስም ስላልጠየቅሁ፣ ለነበልባሉ በአማርኛ «ይሄ ለጓደኛዬ እናት ነው» ብዬ ጨመርኩ። እሳቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ እንደገና ቀና አለ።

ክሎተን ስመለስ ሁሉንም ነገርኳት። የልጄን አናት ነገር ስትሰማ ሳቀች። ከዚያ ነጠላውን እንዳሳያት ጠየቀችኝ። ሳላጥበው ይዤላት ነበር። ፊቷን ቀብራበት ብዙ ቆየች።

«የእናቴ ቤት እንዲህ ነው የሚሸተው» አለች።

ትሪው እየመጣ ፊት ለፊቷ ተከመረ። የእሷንም እኔ አጠብኩላት።