እትዬ ትርንጎ ያልጠየቁት ጭማሪ

እስራኤል ውስጥ፣ አሽቀሎን ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለው የሃምበርገር ቤት ሥራ በጀመርኩበት ቀን የሮኬት ማስጠንቀቂያ ሳይረን ጮኸ። የድንች መጥበሻውን እንደበራ ትቼ ወደ በሩ ሮጥኩ። የወጥ ቤቱ ነባር ሠራተኛ እትዬ ትርንጎ መጥበሻውን አጠፉና ኮሌታዬን ይዘው መጠለያ አስገቡኝ።

"መጀመሪያ አጥፋ፣ ከዚያ ሩጥ። ቤቱ ከነደደ የት ልትሠራ ነው?" አሉኝ።

ፈሪ ነኝ፤ አልደብቅም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የፈረቃ ኃላፊ ሆንኩ፤ መቅጠሩም ለእኔ ተሰጠ። ከሠራዊት የተመለሱ ወጣቶች ይመጣሉ፤ ሁለት ወር ሠርተው ይሄዳሉ። ሁሉንም መጥበሻውን፣ የሥጋውን ሙቀት አለካክ፣ የወጥ ቤቱን ጽዳት የሚያስተምሯቸው እትዬ ትርንጎ ነበሩ። የእሳቸው ደመወዝ ግን ትናንት ከገባው ልጅ እኩል ነው።

የቅርንጫፉ ባለቤት የአቪ ደንብ አጭር ነበር፦ "ሀዓላአ የፈለገ ይጠይቅ።" ሀዓላአ የደመወዝ ጭማሪ ነው። ወጣቶቹ ይጠይቃሉ፣ ያገኛሉም።

"እርስዎስ ለምን አይጠይቁም?" አልኳቸው እትዬ ትርንጎን።

ደነገጡ። "እኔው ስለ ራሴ አፌን ከፍቼ? አንተ አለህ አይደል? እንደ ሽማግሌ ሁነህ ንገርልኝ።"

እሺ አልኩ። ሦስት ጊዜ እስከ አቪ ቢሮ በር ሄጄ ሦስቴም ተመለስኩ። የቤት ብድር አለብኝ፤ ለእሳቸው ጨምር ስለው እኔን ቢያባርረኝስ? ዝም አይነቅዝም አልኩ ለራሴ። ምን መለሰልህ እንዳይሉኝ ስለፈራሁም ፈረቃቸውን ከእኔ ለየሁት። እሳቸውም አልጠየቁኝም፤ የላኩትን ሽማግሌ ማጣደፍ ነውር ነው።

አንድ ጠዋት የእትዬ ትርንጎ ባል ከሚኖሩበት ከራማት ኤሽኮል ሰፈር መጡ። ቁጭ በል አሉኝ።

"ልጄ፣ ትርንጎ ሥራውን ትታለች። መልስ ሲጠፋ፣ እምቢ ማለታቸው ነው አለች። ባርኔአ ሰፈር፣ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሥራ ይዛለች። አንተን ፊት ለፊት ማስቀየም ከብዷት እኔን ላከችኝ።"

ወደ አቪ ሮጥኩ። ሁሉንም ነገርኩት።

"ለእሷማ በጠየቀች ቀን እጨምርላት ነበር!" አለ። "ዝም ስትል ደስተኛ መስላኝ ነው። ምነው ሳትነግረኝ?"

ወዲያው ለእትዬ ትርንጎ ደወልኩ። "አቪ እሺ ብሏል፣ ይመለሱ።"

"ለመጦሪያው ቃል ሰጥቻለሁ ልጄ። ለመሆኑ መቼ ነገርከው?"

"ዛሬ።"

"በርታ" ብለው ስልኩን ዘጉት። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን አዲስ ኃላፊ ሲሾም የምነግረው አንድ ነገር ነው። ጥሩ ሠራተኛ ጭማሪ ላይጠይቅ ይችላል፤ ሥራውን የምታየው አንተ ነህና እየፈራህም ቢሆን ጠይቅለት።